ፈታሽ ታጥቦ ይግባ

ባለፈው ሳምንት ክፍል አብራኝ የተከራየችው ልጅ ከእናቷ የተላከላትን የቅቤ ዕቃ ስትከፍት፣ ጠባቧ ክፍላችን በኮሰረት ሽታ ተሞላች። እሷ ለራቱ ትጣደፋለች፤ እኔ የማነበውን መጽሐፍ አስቀመጥኩ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ለሌላው ሰው ኮሰረት የቅቤ ቅመም ነው። ለእኔ ግን በሰው እጅ ላይ የሚፈስ ውሃ ነው፤ ኮልፌ ነው፤ እማማ ብርቄ ናቸው፤ የጣሊያን ዘመን የመጨረሻው በጋ ነው። ኮሌጅ ከገባሁ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ስለሆነ ስለ ሕግ አውቃለሁ ለማለት አልደፍርም። ስለ ሰው ቤት ክብር የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ግን በዚያ በጋ ነው፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ኮልፌ ያን ጊዜ የከተማው ጫፍ ነበረች። ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ቀጥሎ የግጦሽ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩለት ጫካ ነበር። አርበኞች ሌሊት ሌሊት ከዚያ ይወርዳሉ ስለሚባል ጣሊያኖች ሰፈራችንን አያምኑትም። ደስ ባላቸው ቀን ይመጡና ደስ ያላቸው ቤት ይገባሉ። ማንኳኳት የለ፣ ማስፈቀድ የለ። እኛ ልጆቹ ቀድመን የምንሰማው የጫማቸውን ድምፅ ነው። በሰፈራችን ጠጠር ላይ እንደዚያ የሚጮህ ጫማ ያለው ሌላ ሰው አልነበረም።

አባቴን የወሰዱት መስቀል ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሁላችንንም ወደ ውጭ ገፍተው እነሱ ብቻቸውን ገቡ። ከውስጥ እንስራ ሲሰበር፣ አልጋ ሲጎተት ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ከጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ከአስካሪዎቹ፣ አንዱ በሁለት ጣቱ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዞ ወጣና «ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ጠፍቶባቸው ሲፈልጉት የኖሩት ዕቃ መሰለኝ። እኛ ቤት መገኘቱ አኮራኝና አጨበጨብኩ። እናቴ እጄን አፈፍ አድርጋ ለምን እንደያዘችኝ አልገባኝም። አሁን አባባን ሊያመሰግኑት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እውነትም አንዱ ትከሻውን ያዘው። ሌላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የአባባን በርኖስ በክንዱ ይዞ ወጣና ተከተለ። የሰው ልብስ የሚሸከሙ ደግ ሰዎች ናቸው አልኩ።

ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ጥይት ነበር። አባቴ ቆዳ ነጋዴ ነው፤ ጠመንጃ ኖሮት አያውቅም። በዚያው ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ፈታሾቹን የሚከተላቸው ግዛው የሚባል አስተርጓሚ ነበር። ቤቱ እዚያው ሰፈራችን ውስጥ ነው። ሚስቱ አልማዝ ከእናቴ ጋር አብራ ውሃ የምትቀዳ፣ ፀጉር የምትሠራት ጓደኛዋ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የአልማዝን ስም መጥራት ተወች። ምንጭ ዳር ሲገናኙ እናቴ እንስራዋን ሳትሞላ ትመለሳለች።

እማማ ብርቄ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ ቆጮና ቅቤ የሚነግዱ ሴት ነበሩ። የተወለዱት ጉራጌ አገር ነው፤ ኮልፌ ሲመጡ ግን እናቴ ገና አልተወለደችም። አጭር ናቸው፤ ሲራመዱ መሬቱን የሚመርጡ ይመስላሉ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሲቆጡ ጭራሽ ዝግ ይላሉና ሰው ለመስማት ጠጋ ማለት አለበት። ቅቤያቸውን የሚያነጥሩት በኮሰረት ስለሆነ ዕቃቸው ሁሉ፣ ልብሳቸውም ውሃቸውም ኮሰረት ኮሰረት ይላል።

አባቴ በተወሰደ ማግስት ሴቶቹ ቤታችን ተሰብስበው ያለቅሳሉ። እማማ ብርቄ አላለቀሱም። ሲያስቡ ቆይተው እናቴን ጠየቋት።

«አስካለ፣ ሲገቡ እጃቸውን አይተሻል?»

«የቱን እጅ እትዬ?»

«የገቡበትን እጅ። ባዶ ነበር ወይስ የያዘው ነገር ነበር?»

«ኧረ ምኑን አይቼው! ገፍትረው አስወጡኝ እኮ።»

«እንግዲህ ጥይቱ ከእነሱ እጅ ወጣ ብለሽ መማል አትችይም። እኔም አልችል። የጎዳን ያላየነው ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከእንግዲህ ወዲህ እጁን ሳናየው ማንም ሰው ቤት አይገባም።»

ወልዴ የሚባል ጎረምሳ ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ ነበር። ጣውላ ሰንጣቂ ነው፤ የእሱንም በርበሬ ሲፈትሹ ከአፈር ደባልቀውበት ሄደዋል። ሐዘኑ መሐል ሳቀ።

«እማማ፣ ጠመንጃ የያዘን ሰው እጅህን አሳየኝ ይሉታል?»

«አልለውም። ታጠብ ብለው ግን እምቢ ይላል?»

ያኔ ማንም የገባው አልመሰለኝም። የገባቸው በሚቀጥለው ፍተሻ ነው። የጫማው ድምፅ እንደተሰማ እማማ ብርቄ «አውጡ!» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ የጫማው ድምፅ ወደሚያመራበት ቤት ሮጠና አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ ገንቦውን፣ የእህል ከረጢቱን እየተቀባበለ ሜዳ ላይ አሰጣው። በእሳቸው አገር መስቀል ሲደርስ ቤት እንደዚያ ባዶ እስኪሆን ወጥቶ ይለቀለቃል፤ እሳቸው ኮልፌም ሆነው ልማዱን አልተዉም ነበር። እኔም ሌላ ምን ላስብ? መስቀል ተመልሶ መጣ ብዬ ደመራው የት እንደሚተከል ለማየት ዞርኩ። ያን በጋ ስንት መስቀል እንደመጣብን! ዕቃው በወጣ ቁጥር እኔ ድግሱን እጠብቃለሁ፤ ዕቃው ተመልሶ ይገባል፤ ድግሱ የለም።

ፈታሾቹ ሲደርሱ ባዶ ቤት፣ በሜዳ የተሰጣ ዕቃና ዙሪያውን የቆመ ሰው ጠበቃቸው። ደጃፉ ላይ እማማ ብርቄ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳፋ ይዘው ቆመዋል። አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ታጥባችሁ ግቡ» አሉ።

የመጀመሪያው አስካሪ ግራ ገባው። ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ ጓደኞቹን አየ። አሁን ሳስበው ያንን ልጅ ያሳደገችው እናት አብራው የቆመች ይመስለኛል። ሽማግሌ ሴት ውሃ ይዛ ቆማ እንዴት እምቢ ይባላል? እጅጌውን ሰበሰበ፣ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። ውሃው ፈሰሰ። ሰው ሁሉ እጁን አየ። ሌሎቹም ተከተሉ።

አለቃቸው ጣሊያን ቀይ ጢም ያለው ሰው ነበር። ገረድ የቀረበችለት መሰለውና እሱም እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ተናገረ።

«ሳሙና የለም ወይ ይላል» አለ ግዛው።

«ሳሙናዬን ባለፈው ሲፈትሹ ይዘውት ሄደዋል በልልኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ግዛው አንገቱን ደፋና አጭር ቃል ተናገረ። «የለም ትላለች» ያለ ይመስለኛል፤ ጣሊያኑ እጁን በሱሪው ጠርጎ ገባ እንጂ አልተቆጣም።

እኔ ግን ተቆጣሁ። እማማ ብርቄ አባቴን የወሰዱትን ሰዎች «ልጄ» እያሉ ማስታጠባቸውን አልወደድኩትም። በማግስቱ ሲጠሩኝ አልሄድም አልኩ።

«ምነው ሚጣዬ፣ ኮራሽብኝ?»

«እርስዎ ባንዳ ነዎት።»

«ማን አለሽ?»

«ጣሊያን ያስታጥባሉ።»

ደረታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አነሱ። «ነይ እስኪ፣ ባንዳ ታስታጥብሽ። እጅጌሽን ሰብስቢ። በሁለት እጅሽ ነው እንጂ! ዘርጊው።» ከእናቴ ምጣድ ዳር የሰረቅኩት ቆሎ በቀኝ ጭብጤ ውስጥ ነበር። ስዘረጋው አንድ በአንድ ሳፋው ውስጥ ጠብ ጠብ አለ።

«አሁንስ ገባሽ?» አሉኝ።

ገባኝ አልኩ። የገባኝ ቆሎዬን እንደፈለጉት ብቻ ነው።

ወሩ ሳይሞላ በየደጁ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይቀመጥ ጀመር። ወንዶቹ መጀመሪያ አፍረው ነበር፤ ሴቶቹ ሲያደርጉት እነሱም ሳፋውን መያዝ ለመዱ። በሰፈራችን የተደፋ አንገት ቀና ያለው በዚህ ይመስለኛል። ቤታቸው መፈተሹ አልቀረላቸውም፤ ግን ከእንግዲህ ውጭ ቆመው እንስራቸው ሲሰበር የሚያዳምጡ ሰዎች አልነበሩም። በራቸው ላይ ቆመው፣ እነሱ ባሉት መንገድ እንግዳ የሚያስገቡ ባለቤቶች ነበሩ። «የማነው ደጅ ዛሬ?» ይባባላሉ። «የወልዴ።» «በል ወልዴ፣ ውሃውን ለብ አድርግላቸው፤ ብርድ እንዳይመታቸው!»

ከዚያ የእኛ ተራ ደረሰ።

ቀትር ላይ ነበር። እናቴ የጫማውን ድምፅ ስትሰማ ሳብ አድርጋ ያዘችኝ፤ አንድ ጥይት ባሏን ወስዷል፤ ሁለተኛው እሷን ከወሰደ እኔ ማን ዘንድ እንደምቀር እያሰበች እንደነበር ኋላ ነግራኛለች። ጎረቤቶቹ ዕቃችንን አወጡት። እማማ ብርቄ ደጃችን ላይ ቆሙ። አስካሪዎቹ አንድ በአንድ ታጠቡ። የመጨረሻው አዲስ ፊት ነበር። ግራ እጁን ብቻ ዘረጋ።

«ቀኝህስ ልጄ?»

«ንጹሕ ነው።»

«ይሁን ንጹሕ። ግራውን ብቻ ታጥቦ ከሰው ቤት የሚገባ ሰው እናቴም አላየች።»

አስካሪው ግዛውን አየ፤ ግዛው መሬት መሬት ያያል። ጣሊያኑ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። እማማ ብርቄ አልገፉም፣ አልጮሁም፤ ውሃውን እንደያዙ ጠበቁት፤ ክንዳቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በመጨረሻ አስካሪው የቀኝ እጅጌውን ገፋ ሲያደርገው አንድ ነገር ወደቀና ሳፋውን ቃ! አደረገው።

ሁላችንም አየነው። እኔም አየሁት፤ አባባ የሄደ ቀን ያየሁት የሚያብረቀርቅ ነገር ነው።

እማማ ብርቄ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ። ጥይቱን ከውሃው አወጡና በነጠላቸው ጫፍ ጥርግ አድርገው በሁለት እጃቸው ሰጡት። ዝግ ባለችው ድምፃቸው «ዕቃህ ወድቆብሃል፣ ልጄ» አሉት።

ጣሊያኑ ምን እንደሆነ ግዛውን ጠየቀው። ግዛው ተናገረ፤ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ተናገረ። ከእኛ መሐል ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረምና ምን እንዳለ ዛሬም አናውቅም። ጣሊያኑ ፊቱ ቀላ። የአስካሪውን ቆብ በጥፊ ከራሱ ላይ አወረደው፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ቤታችን ሳይፈተሽ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ፍተሻው አልቆመም፤ ከማንም ቤት ግን ጥይት አልተገኘም።

እናቴ በጉልበቷ ወድቃ የእማማ ብርቄን እግር ልትስም ስትል ያዟት። «ተይ፣ ተይ። ይልቅ ክንዴን ያዢኝ፤ ማንቆርቆሪያውን ማንሳት አቃተኝ» አሏት። የማደንቃቸው ባለመፍራታቸው ነው ብዬ እጽፍ ነበር፤ ክንዳቸውን ባላየው ኖሮ።

በጋው ሲያልቅ አንድ ጠዋት ከከተማው በኩል እልልታ መጣ። ጣሊያኖቹ ሄዱ ተባለ። ሰው ይተቃቀፋል፣ ይሳሳማል፣ ያለቅሳል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ግን እልልታው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ወልዴና ሌሎቹ ጎረምሶች መጥረቢያና ዱላ ይዘው ወደ ግዛው ቤት ጉዞ ጀመሩ። እናቴም ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት። የምትፈልገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የአባባን በርኖስ። በርኖሱ እንደ ዋጋ ተሰጥቶት እዚያ ከተገኘ ባሏን የሸጠው ግዛው ነው።

በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ወልዴ መጥረቢያውን ሲያነሳ፣ «ትንሽ ቆይ፣ ደረስኩ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ብርቄ ውሃው በየእርምጃው እየፈሰሰባቸው፣ ሳፋውን በብብታቸው ይዘው ይመጣሉ። በሰው መሐል አልፈው በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ታጥባችሁ ግቡ።»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ማስታጠብ ሥራ አደረጉት!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«አዎ፣ ሥራዬ ሆኗል። ና፣ አንተ ቅደም።»

ወልዴ አልሳቀም። «ለባንዳ ቤት? እነሱ መቼ አስፈቀዱን?»

«አላስፈቀዱንም። ለዚህ አይደል የጠላናቸው?»

ወልዴ መጥረቢያውን አላወረደም። ያኔ እናቴ ወደ ፊት ወጣች። ድምፅዋን እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

«እትዬ ብርቄ፣ የባሌ በርኖስ እዚህ ቤት ካለስ?»

«ካለ በሁላችን ፊት ይወጣል፤ እኔም ምስክርሽ ነኝ። እንዲሁ ዘለሽ ገብተሽ ይዘሽው ብትወጪ ግን፣ ግዛው ከቤቷ አምጥታ ነው ይልሻል። ያኔ ማን ይመሰክርልሻል? ባልሽ የሄደው እኮ ማንም ሳያይ በገባ ዕቃ ነው።»

እናቴ እምቢ ብትል ሕዝቡ ሁሉ ከኋላዋ ተከትሎ እንደሚገባ፣ በሩም ሰዎቹም እንደማይተርፉ ልጅ ሆኜ እንኳ ታወቀኝ። ቀሚሷን አጥብቄ ያዝኩ። እጅጌዋን ሰበሰበች። ግራዋን ገፋች፣ ቀኟንም ገፋች፤ ሁለት እጇን ዘረጋች። እማማ ብርቄ ቀስ አድርገው አፈሰሱላት።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ግዛው አመድ መስሎ ቆሟል። ከኋላው አልማዝ። አንዱ ዱላውን ሲያነሳ እማማ ብርቄ ዞር ብለው «ዱላውም ይታጠባል?» አሉት። ዱላው ወረደ። ወልዴ መጥረቢያውን ግድግዳው ሥር አስደግፎ መጣና እየተሳደበ ታጠበ።

የግዛው ዕቃ ሜዳ ላይ ወጣ። ጠፍር አልጋ፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ባዶ የሳልሳ ጣሳዎች፣ ጥቂት ጤፍ፣ አንድ የተጣፈ ብርድ ልብስ። ሳጥኑ ተገለበጠ፣ ከረጢቱ ተዘረገፈ። እናቴ ብርድ ልብሱን ሁለት ጊዜ አራገፈችው። በርኖስ የለም። ጥይትም የለም።

ወልዴ ግዛውን ፊት ለፊት ቆሞ ጠየቀው። «ያን ቀን፣ አስካለ ደጅ፣ ለጣሊያኑ ምን አልከው?»

«ያየሁትን ነገርኩት።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

ግዛው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረ። የሚመሰክርለት አልነበረም።

«እንግዲህ ዳኛ ሲቀመጥ ይጠየቃል» አሉ እማማ ብርቄ። «እስከዚያ ከሰፈር አይወጣም፤ እኔ ዋስ ነኝ። አሁን ያወጣ ሰው ይመልስ።»

ሰው ያንን አልወደደም። ወልዴ መሬት ላይ ተፍቶ መጥረቢያውን አነሳና ሄደ። ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ፤ በዓል ነውና የሚያከብሩት ነበራቸው። ዕቃውን ካወጣው ሰው ይልቅ መልሶ የሚያስገባው አነሰ። እማማ ብርቄ ጤፉን ከሣር ላይ በእጃቸው ይለቅማሉ። አልማዝ ሳጥኑን ብቻዋን ጎትታ አስገባች፤ ተመልሳ አልጋውን ያዘችና ሊነቃነቅላት አልቻለም።

እናቴ እዚያው ቆማ ነበር፤ ባዶ እጇን ታያለች። ወደ ቤታችን የምንመለስ መስሎኝ ጎተትኳት። እጄን አስለቀቀችኝ። ሄዳ የአልጋውን ሌላ ጫፍ ያዘች።

ሁለቱ አነሱት። በሩ ጠባብ ነው። አልማዝ የኋሊት እየገባች ስለነበር የአልጋው እግር ወደ ልቅልቁ ግድግዳ ተጠጋ።

«ቆይ፣ አልማዝ» አለች እናቴ። «ጠመም አድርጊው፤ ግድግዳውን እንዳንልጠው።»